በሥነ ምኅዳር የምርምር ማስተርስ፦ መፀው ካመለጠ ዓመቱ አመለጠ

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በሥነ ምኅዳር፣ ወይም በቅርብ ዘመዶቹ በዕፅዋትና ብዝኃ ሕይወት አያያዝ አለዚያም በዱር እንስሳት ሥነ ምኅዳር፣ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ መግቢያ ፈተናውና ስለ ክፍያው ነው። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ትምህርቱ የሚያኮራ ሆኖ መውጣት አለመውጣቱን የሚወስኑት ግን እነሱ አይደሉም። የሚወስነው፣ የመጀመሪያው ዓመት ክረምት አልቆ አደይ አበባ ሲፈነዳ ተማሪው የት እንደሚገኝ ነው፤ ጫካ ውስጥ ነው ወይስ ቢሮ ለቢሮ የፕሮፖዛል ፊርማ እየለመነ?

ይህ ግምገማ የሚመለከተው ቴሲስ ያለበትን የሁለት ዓመት መደበኛ ፕሮግራም ነው። መግቢያው የትምህርት ሚኒስቴር በሚሰጠው፣ ተማሪው “ጋት” በሚለው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና በኩል ነው። የመጀመሪያው ዓመት በኮርስ ያልፋል፦ የሕዝበ ፍጥረትና የማኅበረሰብ ሥነ ምኅዳር፣ የዝርያ ምደባ፣ የምርምር ዘዴ፣ ስታቲስቲክስ፣ ጂአይኤስ (የካርታ መረጃን በኮምፒውተር ማቀናበር)፣ ሴሚናር። ሁለተኛው ዓመት የቴሲስ ነው። ኮርሶቹ በንድፈ ሐሳብ በኩል ጠንካራ ናቸው፤ በተለይ የአገሪቱን የዕፅዋት ዓይነቶች ከከፍታና ከዝናብ ጋር አያይዞ ማስተማር ሌላ ቦታ በቀላሉ የማይገኝ ሀብት ነው። የሚደክመው ስታቲስቲክስ ላይ ነው። ሰሌዳ ላይ የሚሠራው ምሳሌ የተስተካከለና የተሟላ ቁጥር አለው፤ ከጫካ የሚመጣው ሰንጠረዥ ደግሞ ግማሹ ዜሮ ነው። ያንን ዜሮ ምን ማድረግ እንደሚገባ ያልተለማመደ ተማሪ ሚያዝያ ላይ ሰው ፍለጋ ይዞራል።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። ሒሳቡን በወር እንየው። የሁለተኛው ዓመት ትምህርት መስከረም ወይም ጥቅምት ላይ ይከፈታል፤ ዲፌንስ፣ ቴሲሱ በፈታኞች ፊት የሚቀርብበት፣ ሰኔ ላይ ነው። በወረቀት ላይ ለቴሲስ ዘጠኝ ወር አለ። ጫካው ግን የራሱ መቁጠሪያ አለው። በሰሜንና በመካከለኛው ደጋ አብዛኛው ሣርና ቅጠላ ቅጠል አበባና ፍሬ ይዞ የሚገኘው ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ኅዳር ነው። ታኅሣሥ ሲገባ ሣሩ ይደርቃል፤ አጨዳ ይገባል፤ ከብት ይለቀቃል። ፕሮፖዛሉ ኅዳር ላይ የጸደቀለት፣ የትብብር ደብዳቤው ታኅሣሥ ላይ የወጣለት፣ በጀቱ ጥር ላይ የተለቀቀለት ተማሪ ጫካ የሚደርሰው የካቲት ላይ ነው። ያኔ የሚያገኘው ዛፍና ቁጥቋጦ ነው፤ ከሥራቸው የነበረው እንስላል የሚያህለው ሁሉ ጠፍቷል። የዝርያ ዝርዝሩ ያጥራል፤ ቴሲሱም ያንን ማጠር የጫካው ባሕርይ አድርጎ ያቀርበዋል። ይህ በቀጥታ ስሕተት ነው፤ ከተማሪው ስንፍናም አይደለም የሚመጣው፤ ከቀን መቁጠሪያ ነው።

መፍትሔው ሁሉን ነገር በስድስት ወር ማስቀደም ነው። ርዕስና አማካሪ በመጀመሪያው ዓመት እስከ ታኅሣሥ ይታወቁ። በሁለቱ ሴሚስተሮች መካከል ባለው ዕረፍት፣ ጥር መጨረሻ አካባቢ፣ ለአራት ወይም ለአምስት ቀን ቦታውን አይቶ መምጣት ይገባል፦ መንገዱ እስከ የት መኪና ያስገባል፣ ጫካው በካርታ ላይ ካለው ምን ያህል ቀርቷል፣ መሪ የሚሆን ሰው ማን ነው። ፕሮፖዛሉ ግንቦት ላይ ይቅረብ። ደብዳቤዎቹ ሰኔ ላይ፣ ሠራተኛ ለዕረፍት ሳይበተን፣ ይጻፉ። ሐምሌና ነሐሴ መንገድ ስለሚቆረጥ በሄርባርየም (የደረቁ የዕፅዋት ናሙናዎች በሚቀመጡበት ቤት) ለሚደረግ ሥራ ይዋሉ። መስቀል ሲያልፍ ወደ ጫካ መውጣት ነው። ይህንን የሚፈቅድና የሚያግዝ ትምህርት ክፍል ካለ ፕሮግራሙ ጥሩ ነው፤ ፕሮፖዛል የሚሰማው ከኅዳር በፊት አይደለም የሚል ከሆነ፣ ሌላው ነገር ሁሉ ቢያምር እንኳ ለዕፅዋት ጥናት አይመረጥም። ከማመልከት በፊት መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው።

ደቡብና ደቡብ ምሥራቅ ሌላ ሒሳብ ነው። በቦረና ዋናው ዝናብ የሚወርደው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ለዲፌንስ ሰኔን የሚጠብቅ ሰው በሁለተኛው ዓመት ሚያዝያ መስክ ወጥቶ፣ ናሙና ለይቶ፣ ተንትኖ፣ ጽፎ ሊደርስ አይችልም። እዚያ የሚሠራ ሰው ወይ የመጀመሪያውን ዓመት ፀደይ በኮርስ መካከል መጠቀም አለበት፣ ወይ ርዕሱን በዛፍና በአፈር ላይ መወሰን አለበት። የዱር እንስሳ የሚያጠና ደግሞ እርጥቡንም ደረቁንም ወቅት ይፈልጋል፤ እርጥቡ ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ ደረቁ ከጥር እስከ መጋቢት። ታኅሣሥ ላይ የጀመረ ሰው አንዱን ወቅት አጥቷል።

ስለ ሄርባርየም በሰፊው መናገር ያስፈልጋል፤ ለዕፅዋት ተማሪ ከኮርሶቹ ሁሉ በላይ የሚጠቅም አገልግሎት እሱ ነውና። ብሔራዊ ሄርባርየሙ አራት ኪሎ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ካምፓስ ውስጥ ይገኛል። የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ የተባለው መጽሐፍ ሥራ በ1980 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ2009 እ.ኤ.አ. ሲጠናቀቅ ማዕከሉ እዚያ ነበር። ስምንት ቅጽ ያለው ሥራ ሲሆን ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎችን ይዟል። ተማሪው ከጫካ ያመጣውን ናሙና በመጽሐፉ መለያ ቁልፍ ተከትሎ፣ ከዚያም በመደርደሪያ ካለው ከተረጋገጠ ናሙና ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ ስሙን ያገኛል። ቁልፉ የሚጠይቀው አበባ ወይም ፍሬ ነው። ቅጠል ብቻ ያለበት ቅርንጫፍ ይዞ የመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ከወገኑ (ከጂነሱ) ስም አያልፍም፤ ቤተሰቡ ላይ የሚቆምም አለ።

ናሙና አያያዙ በዝርዝር እንዲህ ነው። ናሙናው ተጭኖ የሚደርቅበት ፕሬስ ማንኛውም አናጢ የሚሠራው ሁለት የእንጨት ፍርግርግ ነው፤ ስፋቱ 30 በ45 ሴንቲ ሜትር። በመካከል ካርቶን፣ በካርቶኖቹ መካከል አሮጌ ጋዜጣ፣ ከላይ ሁለት ጠፍር። ከእያንዳንዱ ዝርያ ቢያንስ ሦስት ቅርንጫፍ ይወሰዳል፤ አንዱ ለሄርባርየሙ፣ አንዱ ለራስ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዱ ለመበላሸት። አንድ ቅጠል ተገልብጦ ጀርባው እንዲታይ ይደረጋል፤ ጸጉሩና ጅማቱ ያለው እዚያ ነው። ጋዜጣው ለመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ቀናት በየቀኑ ይለወጣል። እርጥብ ጫካ ውስጥ አንድ ቀን የተዘለለ ፕሬስ ይሻግታል፤ ሲከፈት ቅጠሉ ጥቁር ሆኖ ከጋዜጣው ጋር ይነሣል። እሳት ዳር ማድረቅ ይቻላል፣ ግን ሙቀቱ ለስላሳ፣ አየሩም የሚያልፍ ይሁን፤ የበሰለ ቅጠል ይረግፋል። ቁጥር፣ ቀን፣ ቦታ፣ ከፍታ፣ የአበባው ቀለም፣ የተክሉ ቁመትና የአካባቢው ስም ወዲያው እዚያው ይጻፋል። ቀለሙ በተለይ፤ ነጩም ሐምራዊውም ሲደርቅ ቡናማ ነውና። ወደ መደርደሪያ ከመግባቱ በፊት ነፍሳት እንዲሞቱ ናሙናው ለጥቂት ቀናት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሆነ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆያል።

የአካባቢ ስም ሲጻፍ ጥንቃቄ ይፈልጋል። “ግራር” ሲባል ብዙ ዝርያ ነው። “ጽድ” ሲባል አገር በቀሉ ጁኒፔረስ ፕሮሴራ ነው ወይስ ከውጭ የመጣው የፈረንጅ ጽድ? መሪው ለሁለቱም አንድ ስም ሊሰጥ ይችላል። በስም ብቻ የተሞላ ሰንጠረዥ ይዞ ወደ አዲስ አበባ መመለስ ሁለት ሳምንት የመስክ ሥራ መጣል ነው። ሌላው የሄርባርየሙ እውነታ ወረፋ ነው። ከታኅሣሥ ጀምሮ ከየዩኒቨርሲቲው የሚመጣው ተማሪ ፕሬሱን ይዞ ይሰለፋል፤ ባለሙያዎቹ ጥቂት ናቸው፤ የሚያስተምሩም አሉ። 100 ናሙና ይዞ መጥቶ “ስማቸውን ንገሩኝ” ማለት አያስኬድም። የሚያዋጣው በክረምቱ ሄዶ በሚጠናው ጫካ ይጠበቃሉ የሚባሉትን ዝርያዎች መደርደሪያ ላይ አይቶ፣ በስልክ ፎቶ አንሥቶ፣ ቤተሰቦቹን ለይቶ ማወቅ ነው። ያን ያደረገ ሰው 80ውን ራሱ ይለያል፤ ባለሙያውን የሚጠይቀው የቀረውን 20 ነው፤ ባለሙያውም በደስታ ያየዋል።

አሁን ስለ ኳድራቱ፣ ዕፅዋቱ ስለሚቆጠርበትና ስለሚለካበት አራት ማዕዘን ቦታ። የተለመደው የደጋ ደን ጥናት ለዛፍና ለቁጥቋጦ 20 በ20 ሜትር ኳድራት፣ በውስጡ ለሣርና ለቅጠላ ቅጠል አምስት 1 በ1 ሜትር ንዑስ ኳድራት ይጠቀማል፤ አራቱ በማዕዘን፣ አንዱ በመካከል። ቁመታቸው ከ2 ሜትር በላይ፣ ግንዳቸው በ1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ሲለካ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆኑት ሁሉ ይለካሉ። አራት ሰው ያለበት ቡድን ጥቅጥቅ ባለ ደን በቀን አራት ኳድራት ቢጨርስ በርትቷል። ለ50 ኳድራት 13 የሥራ ቀን ይወጣል ማለት ነው፤ ግን 13 ቀን ብሎ በጀት የያዘ ተሳስቷል። በዓል አለ። በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ፤ ከዚህ ላይ ቅዳሜና እሑድ። ሁሉም ቦታ ሁሉም አይከበርም፣ ግን የደብሩ ታቦት የሆነው ቀን መቼም አይሠራበትም፤ በቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ በበዓል ቀን አፈር ቆፍሩልኝ ማለት ከመሪው ጋር መጣላት ነው። ስለዚህ ለ13 የሥራ ቀን 22 የቆይታ ቀን መያዝ ትክክለኛው ግምት ነው። በበዓሉ ቀን የናሙናው ጋዜጣ ይለወጣል፣ ሰንጠረዥ ይገለበጣል፤ ቀኑ አይባክንም።

በልኬት ላይ የሚደጋገሙ ስሕተቶች አሉ፤ ሁሉም ቀላል ናቸው፣ ሁሉም ቴሲስ ያበላሻሉ። የመጀመሪያው ዳገት ነው። የኳድራቱ 20 ሜትር አግድም ርቀት መሆን አለበት። 30 ዲግሪ በሆነ ተዳፋት ላይ ሜትሩን መሬት ለመሬት 20 ሜትር የዘረጋ ሰው ያገኘው አግድም 17.3 ሜትር ብቻ ነው፤ 400 ካሬ ሜትር ብሎ የጻፈው 346 ነው። ትክክለኛውን ለማግኘት በዳገቱ አቅጣጫ 23.1 ሜትር መዘርጋት አለበት። ክሊኖሜትር ከሌለ በስልክ ያለው የማዕዘን መለኪያ ይሠራል። ዘንድሮም ብዙ ቴሲስ ዳገታማ ጫካ እየገለጸ ስለዚህ ማስተካከያ አንድ መስመር አይጽፍም፤ ጥሩ ፈታኝ ግን ይጠይቃል።

ሁለተኛው ዙሪያና ውፍረትን መቀላቀል ነው። የዲያሜትር ሜትር የሌለው ቡድን በልብስ ሰፊ ሜትር ዙሪያውን ይለካል፤ ደግ ነው፣ ለ3.14 ማካፈል ብቻ ነው የሚቀረው። አንዱ ረዳት ዙሪያ፣ ሌላው ተካፍሎ ያለቀውን ቁጥር ከጻፈ ግን ነገሩ አበቃ፤ የግንድ ስፋት በካሬ ስለሚሰላ ያልተካፈለው ዛፍ ወደ አሥር እጥፍ ይገዝፋል። መስክ ላይ ማንም አያካፍል፤ ሁሉም ዙሪያ ይጻፍ፤ ኮምፒውተሩ ያካፍል። ከ1.3 ሜትር በታች የተነጠለ ግንድ እያንዳንዱ ለየብቻ ይለካል፤ ዳገት ላይ የቆመ ዛፍ በላይኛው በኩል ተቁሞ ይለካል፤ ሥሩ እንደ ክንፍ የወጣ ዛፍ ደግሞ ከክንፉ በላይ።

ሦስተኛው የጂፒኤስ ነው። የቆዩት 1 ለ50,000 የአገራችን ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው መነሻ (ዳተም፣ የቦታ ቁጥሮች የሚሰሉበት መሠረት) ነው፤ ስልኩና ጂፒኤሱ የሚሰጡት ደብልዩ ጂ ኤስ 84 ነው። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነጥቡ ከ200 ሜትር በላይ ይሸሻል። አነስተኛ በሆነ የቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ የተለካ ኳድራት በካርታ ላይ ገብስ ማሳ ውስጥ ቆሞ የሚታየው በዚህ ነው። አፈር የሚወስድ ደግሞ ከአምስት ነጥብ ከ0 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ቆፍሮ፣ ቀላቅሎ፣ አንድ ኪሎ ያህል ይይዛል፤ ጥላ ውስጥ ያደርቀዋል፤ ስሙን በእርሳስ ጽፎ ከረጢቱ ውስጥም ውጭም ያደርጋል። እርጥቡን በፕላስቲክ አፍኖ ለሳምንታት ያቆየ ሰው ናይትሮጅኑን ባይለካ ይሻላል። ላቦራቶሪ ወረፋ ስላለው አፈሩ እስከ ታኅሣሥ ካልገባ ውጤቱ ለቴሲሱ ላይደርስ ይችላል።

ርዕስ ላይ ግልጽ አስተያየት አለን። “የእገሌ ደን የዕፅዋት ዝርያ ስብጥር፣ መዋቅርና ዳግም ዕድገት” የሚለው አርእስት ዘመኑን ጨርሷል። በጊዜው ትልቅ ሥራ ሠርቷል፤ አገሪቱ ምን እንዳላት የታወቀው እንዲህ ባሉ ቴሲሶች ጭምር ነው። ዛሬ ግን ተማሪውን ምርምር አያስተምረውም፤ ጥያቄ የለውምና። ተመሳሳይ ድካም ጥያቄ ቢጨመርበት ሌላ ነገር ይሆናል። በደቡብ ጎንደር በየኮረብታው ያሉት የቤተ ክርስቲያን ደኖች አንዳንዶቹ በድንጋይ አጥር ታጥረዋል፣ አንዳንዶቹ አልታጠሩም። የወይራና የጥቁር እንጨት ችግኝ ቁጥር በታጠረውና ባልታጠረው ይለያያል? ከጫፍ ወደ መሐል ሲገባስ? ይህ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ለደብሩም ለወረዳውም ይጠቅማል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፣ ፈታኝ ካወቀው የማይለቀው። ከአንድ የታጠረ ደን አሥር ኳድራት፣ ከአንድ ያልታጠረ ደን አሥር ኳድራት ወስዶ “ናሙናዬ 20 ነው” ማለት አይቻልም። ጥያቄው ስለ አጥር ከሆነ የተለካው አንድ የታጠረና አንድ ያልታጠረ ደን ነው፤ ልዩነቱ ከአጥሩ ይሁን ከከፍታው፣ ከደኑ ስፋት ይሁን ከዕድሜው የሚለይበት መንገድ የለም። ከስድስት የታጠሩና ከስድስት ያልታጠሩ ደኖች ሦስት ሦስት ኳድራት መውሰድ ይሻላል፤ 36 ኳድራት ይሆናል፣ ከ50ው ያነሰ፣ ግን መልስ የሚሰጥ። የሚጨምረው የጉዞ ወጪ ነው፤ ያንን በጀት ላይ ማሰብ ያስፈልጋል። ለእንስሳ ቆጠራም ተመሳሳይ ቁጥር መታወቅ አለበት፦ በመስመር ትራንሴክት፣ ማለት በቀጥታ መስመር እየሄዱ፣ እስከታየው እንስሳ ያለውን ርቀት እየለኩ ብዛት ለመገመት ከ60 እስከ 80 ያላነሰ ዕይታ ያስፈልጋል። በሳምንት ሦስት ጊዜ ብቻ የሚታይ ድኩላ ላይ ይህን ዘዴ መምረጥ ከመጀመሪያው መክሸፍ ነው፤ ያኔ የኩስና የዱካ ቆጠራ ወይም ካሜራ ይመረጣል።

ፈቃድ በሦስት መንገድ ይሄዳል። የመንግሥት መሬት ከሆነ ትምህርት ክፍሉ ለዞን፣ ዞኑ ለወረዳ፣ ወረዳው ለቀበሌ ይጽፋል፤ እያንዳንዱ የራሱን ደብዳቤ ስለሚያወጣ ከሦስት እስከ አራት የሥራ ቀን ይያዝለት። የቤተ ክርስቲያን ደን ከሆነ ከሀገረ ስብከት ወደ ወረዳ ቤተ ክህነት፣ ከዚያ ወደ ደብሩ አስተዳዳሪ ነው። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ብቻ ይዞ ቅጥር ውስጥ መግባት አይገባም። ሴት ተመራማሪዎች ቦታ ከመምረጣቸው በፊት ይጠይቁ፤ በጣና ደሴቶች ካሉት ገዳማት እንደ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ያሉት ሴት አያስገቡም። በፌዴራል የሚተዳደር ፓርክ ከሆነ ፈቃዱ የሚገኘው ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። የዘረ መል ናሙና ወደ ውጭ ላቦራቶሪ ለመላክ የሚያስብ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ጋር ስምምነት ያስፈልገዋል፤ ይህ ወራት ሊወስድ ስለሚችል ለማስተርስ አይመከርም።

ገንዘብ። ከዩኒቨርሲቲው የሚሰጠው የምርምር በጀት ብዙውን ጊዜ የመስክ ወጪውን አይሸፍንም፤ ተማሪው ይህን አውቆ ይግባ። ከውጭ ሁለት በሮች ለማስተርስ ተማሪ ክፍት ናቸው። አይዲያ ዋይልድ ጥሬ ገንዘብ ሳይሆን ዕቃ ይሰጣል፦ ጂፒኤስ፣ ባይኖኩላር፣ ካሜራ። ሩፎርድ ፋውንዴሽን ለተፈጥሮ ጥበቃ ሥራ አነስተኛ ድጋፍ ይሰጣል፤ ሦስት ምስክር ሰጪ ይፈልጋል፤ የትምህርት ክፍያ አይሸፍንም፤ ለጥበቃ ምን እንደሚፈይድ ያልተናገረ ንጹሕ ምርምርም አይቀበልም። መልሱ ወራት ስለሚፈጅ መፀው ላይ ለመውጣት ማመልከቻው በጥር መግባት አለበት። ገጠር ደረሰኝ የለም፤ የመሪና የቀን ሠራተኛ ክፍያ ስም፣ ቀን፣ መጠንና ፊርማ ባለበት ቅጽ ተሞልቶ የቀበሌ ማኅተም ይደረግበት። ይህን ቅጽ ከመውጣት በፊት ከፋይናንስ ክፍል ጋር መስማማት ሰኔ ላይ ከሚመጣ ራስ ምታት ያድናል።

አማካሪ ስለመምረጥ የሚሰጠው ምክር ሁሉ ወደ አንድ ይጠቃለላል፦ የቀድሞ ተማሪዎቹን መጠየቅ። የተላከለትን ምዕራፍ በስንት ሳምንት ይመልሳል? መስክ አንድ ቀን እንኳ መጥቶ ያውቃል? በሁለት ዓመት የጨረሱ ስንት ናቸው? የታወቀ ስም ያለው፣ ግን 15 ተማሪ የያዘ ፕሮፌሰር፣ ለማስተርስ ተማሪ ከአንድ ንቁ ረዳት ፕሮፌሰር ያነሰ ሊጠቅም ይችላል። ምርጡ ሁለቱን ማጣመር ነው፤ አንዱ ዋና፣ አንዱ ተባባሪ። መጀመሪያ የተሞሉትን አምስት ኳድራቶች ሰንጠረዥ ከመስክ ሳይመለሱ በስልክ ፎቶ ለአማካሪ መላክ በብዙ ሺህ ብር የማይገዛ እርማት ያስገኛል።

ትንተናው ላይ አጭር እንሁን። አር የተባለው ሶፍትዌር ነፃ ነው፤ ቪጋን የተባለው ጥቅሉ የማኅበረሰብ ትንተናውን አብዛኛውን ይሠራል። መረጃው ሲገባ አንድ መስመር አንድ ግንድ ይሁን። የሻነን ቁጥር፣ የብዝኃነት መለኪያው፣ በየትኛው ሎጋሪዝም እንደተሰላ ይጻፍ፤ ያለዚያ ከሌላ ደን ጋር ማነጻጸር ባዶ ነው። የዝርያዎቹ የአስፈላጊነት ዋጋ (አንጻራዊ ብዛት፣ ድግግሞሽና የግንድ ስፋት በመቶኛ ተደምረው) ድምር 300 ካልመጣ አንድ ቦታ ስሕተት አለ። ኳድራቶችን በዝርያዎቻቸው መመሳሰል ከሚደረድሩት የትንተና ዘዴዎች ለመምረጥ፣ በዲሲኤ የመጀመሪያው ዘንግ ርዝመት ከ4 ካለፈ ሲሲኤ፣ ከ3 ካነሰ አርዲኤ የሚለው ልማድ ጥሩ መነሻ ነው። ስድስት ዓይነት የብዝኃነት ቁጥር መደርደር ግን ፈታኙን አያስደንቅም።

ውጭ አገር ካለው ጋር ስናነጻጽር፣ በአሜሪካ ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ወደ ፒኤችዲ መግባት ይቻላል፤ ግን ከማመልከት በፊት፣ በፈረንጆቹ መስከረምና ጥቅምት፣ ለፕሮፌሰሩ ጽፎ ፍላጎቱን ማግኘት ያስፈልጋል፤ ክፍያው በማስተማር ወይም በምርምር ረዳትነት ይሸፈናል። በኔዘርላንድስና በኖርዌይ ፒኤችዲ ደመወዝ ያለው ሥራ ነው፤ ስለዚህ ማስተርስ አስቀድሞ ይጠይቃል። እዚህ የተሠራ፣ ጥያቄ ያለው፣ በትክክል የተለካ ቴሲስ ለእነዚያ በሮች ከማንኛውም የቋንቋ ፈተና ውጤት ያላነሰ ይሠራል፤ ጠያቂው ፕሮፌሰር መጀመሪያ የሚያየው ሰውየው መስክ ይችላል ወይ የሚለውን ነው።

የሳምንቱ መጨረሻና የክረምቱ ፕሮግራም ለመምህራንና ለመንግሥት ሠራተኞች የተዘጋጀ ነው። ኮርሱ ያው ነው። ቴሲሱ ላይ ግን መስከረምና ጥቅምት መምህሩ ክፍል ውስጥ ነው። የጥናት ቦታው ከሥራው ቦታ በእግር ወይም በባጃጅ የሚደረስ ከሆነ፣ በቅዳሜና እሑድ ሁለት ሁለት ኳድራት እየሠራ በሦስት ወር 40 ይሞላል፤ ይህ በጣም ጥሩ ሥራ ሆኖ የሚወጣበት ጊዜ አለ፣ ሰውየው ቦታውን ዓመቱን ሙሉ ያየዋልና። ቦታው ሩቅ ከሆነ መደበኛውን ይጠብቅ። ለደረጃ ዕድገት ወረቀቱን ብቻ የሚፈልግ ሰው ደግሞ የመስክ ሥነ ምኅዳርን ባይመርጥ ይሻለዋል፤ በአነስተኛ ድካም የሚያልቁ ሌሎች ሁለተኛ ዲግሪዎች አሉ።

ዲፌንስ ካለፈ በኋላ ለእርማት የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው፤ ብዙ ሰው እዚያ ላይ ሥራውን ዘግቶ ይሄዳል። ከመሄዱ በፊት ሁለት ነገር ይቀረዋል። ከእያንዳንዱ ዝርያ አንድ አንድ ናሙና ቁጥሩን ይዞ ሄርባርየሙ መደርደሪያ ይግባ፤ ቁጥሩ በቴሲሱ አባሪ ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን፤ ስሙ ተሳስቶ ቢገኝ ነገ ሌላ ሰው የሚያርመው ያንን ቁጥር ተከትሎ ነው። የኳድራቶቹ ነጥቦች ከነመነሻቸው፣ ከማዕዘን ዛፎቹ መለያ ጋር፣ በአማርኛ በተጻፈ የሁለት ገጽ ማጠቃለያ ለወረዳውና ለደብሩ ይሰጡ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ያንኑ 20 በ20 ሜትር መልሶ ማግኘት የሚቻለው እንዲህ ከሆነ ነው።